ከማመንጫው በፊት መለኪያው

ከአቡዳቢ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ ከጠፈር የሚመጣን ጨረራ የሚቆጥር አነስተኛ መሣሪያ በእጁ ቢይዝ አንድ ነገር ያስተውላል። አውሮፕላኑ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከመነሣቱ በፊት ቆጠራው ዝግ ያለ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቆጠራው ይፈጥናል፤ ቦሌ ሲያርፍ ደግሞ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወደ አቡዳቢው መጠን አይመለስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጠፈር ከሚዘንቡት ቅንጣቶች የሚከላከልልን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኘው አዲስ አበባ ከበላይዋ ያለው አየር ከአቡዳቢው የሳሳ ነው። ስለዚህም ከጠፈር የሚደርሳት ጨረራ በባሕር ዳርቻ ካለው ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህን ማንሣቴ አንባቢን ለማስጨነቅ አይደለም። የደጋው ሰው ከዚህ ጨረራ ጋር ከጥንት ጀምሮ ኖሯል፤ መጠኑም እጅግ አነስተኛ ነው። የሚያስደንቀው ግን የሰው ልጅ በዚህ ዝናብ ሥር ለዘመናት ሲኖር ከቶ አለማወቁ ነው። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1912 መለኪያውን ይዞ በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ እስኪወጣ ድረስ ከላይ ጨረራ እንደሚመጣ ያረጋገጠ አልነበረም። ጨረራ አይታይም፤ አይሰማም፤ አይሸትም፤ በእጅም አይዳሰስም። ስለ እርሱ የምናውቀው ሁሉ በመሣሪያ በኩል የደረሰን ነው። እንግዲህ የጨረራ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ የመለኪያ ጉዳይ ደግሞ ለክቶ እውነቱን የሚናገር ሰው ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለእኛ ከሳይንስ ወሬ ያለፈ ሆኗል። በ2025 መስከረም ወር የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አገራቸው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማቀዷን ይፋ አድርገዋል፤ በዚያው ወር ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈርሟል። እንዲህ ያለውን መንገድ በቅርብ ጊዜ ጀምራ የጨረሰች አገር ደግሞ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ብዙ መቶ ሺህ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት የባሕረ ሰላጤ ምድር ትገኛለች፤ እርሷም የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ናት። ከእርሷ ልንማር የሚገባን ብዙ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት ከታላላቆቹ የበራካ ማመንጫዎች ይልቅ ከእነርሱ ቀድመው ከተተከሉት ትናንሽ መለኪያዎችና ከለኪዎቹ ሰዎች ዘንድ ነው።

የማይታየውን ለማየት የተደረገው ጥረት ለሙስሊሙ ዓለም ባዕድ ታሪክ አይደለም። በባስራ ተወልዶ በካይሮ ያረፈው ኢብን አል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀዳዳ አበጅቶ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ መረመረ። ዐይን ራሷ ጨረር እየላከች ታያለች የሚለውን የቀደመ አስተሳሰብ ውድቅ አድርጎ፣ ዐይን ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን ተቀባይ መሆኗን አስረዳ። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ ዐይን ዳሳሽ መሣሪያ ናት ማለቱ ነበር። ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የኧርነስት ራዘርፎርድ ረዳቶች እንዲሁ በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም የአልፋ ቅንጣት የዚንክ ሰልፋይድ ገበታን በመታ ቁጥር የምትታየውን ደቃቅ ብልጭታ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የአቶም እምብርት መኖሩ የታወቀው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። ከረዳቶቹ አንዱ የነበረው ሃንስ ጋይገርም በ1928 ከዋልተር ሙለር ጋር ሆኖ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መቁጠሪያ አስተካክሎ አቀረበ፤ ዐይን የደከመበትን ሥራ መሣሪያ ተረከበው።

የዘመኑ ዳሳሽ መሣሪያ ከዚያ የጨለማ ክፍል ብዙም አልራቀም። ሲንቲሌተር የሚባል ክሪስታል አለ፤ ጋማ ጨረር ሲመታው ጥቂት ብርሃን ይረጫል። ያችን ብርሃን ከጎኑ የተገጠመ ሌላ ክፍል ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጣታል። የምቱ ትልቅነት የጨረሩን ጉልበት ይናገራል፤ የምቶቹ ብዛት ደግሞ መጠኑን። ባለሙያው ከጉልበቱ ተነሥቶ ጨረራው የመጣው ከአፈር ውስጥ ካለ ፖታሲየም ይሁን፣ ከሆስፒታል ከወጣ ሲዚየም ይሁን፣ ወይም ከሌላ ምንጭ ይለያል። የቡና ቀማሽ በአንድ ጉንጭ የሐረርን ከይርጋ ጨፌ እንደሚለይ ሁሉ፣ የሰለጠነ ለኪም የጨረራን ምንጭ ከፊርማው ያውቃል።

አቡዳቢ ውስጥ የተሠራ አንድ ሥራ ይህን እውቀት እስከ ጠፈር አድርሶታል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡዳቢ የሚያስተምረው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍራንቼስኮ አርኔዮዶ በአገሩ ከግራን ሳሶ ተራራ ሥር በሚገኘው ቤተ ሙከራ ጨለማ ቁስ የተባለውን የዓለማችንን ምሥጢር ለመፈለግ ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። በአቡዳቢ እርሱና የሥራ ባልደረቦቹ የጋማ ጨረርን በፍጥነት የሚይዝ አነስተኛ ዳሳሽ ነደፉ። መሣሪያው በኸሊፋ ዩኒቨርሲቲና በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡዳቢ ተማሪዎች በተገነባችው ላይት-1 በተባለች ትንሽ ሳተላይት ተጭኖ በታኅሣሥ 2021 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከ፤ በየካቲት 2022 መጀመሪያም ሳተላይቷ ከጣቢያው ወደ ምሕዋሯ ተለቀቀች። ሳተላይቷ የአረብ ኤምሬትስና የባሕሬን የጋራ ሥራ ናት። ቁመቷ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

ይህች ትንሽ ሳተላይት ትፈልገው የነበረው ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ኤሌክትሮኖች እጅግ ፈጥነው ይሮጡና ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ወደ ሰማይ የጋማ ብልጭታ ይረጫሉ። ክስተቱ የታወቀው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ያገኘውም ከሩቅ ጠፈር የሚመጣ ጨረርን ለመቃኘት የተላከ ኮምፕተን የተባለ የአሜሪካ ታዛቢ ሳተላይት ነው። ሰማይን ለማየት የተላከው መሣሪያ ከእግሩ ሥር ከምድር የመጣ ብልጭታ አገኘ። የነጎድጓድ ብዛት የሚታየው ደግሞ በምድር ወገብ ዙሪያ ነው። በክረምት በደጋው ቤታችን መብረቅ ሲጮህ ልጆቻችንን ወደ እቅፋችን የምንሰበስብ እኛ፣ ያ መብረቅ በበላዩ ምን እንደሚረጭ የሚቆጥሩ ወጣቶች ዝናብ ብርቅ በሆነበት በአቡዳቢ መገኘታቸው ሊያስቀናን ይገባል።

ከአቡዳቢ በስተ ምሥራቅ አል ዐይን አለች። ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው፤ በዐረብኛ ቃሉ ምንጭንም የምናይበትን ዐይንም ያመለክታል። እኛም የምንጭ ዐይን እንላለንና ዝምድናው አይጠፋንም። በዚህች ከተማ በ1976 የተመሠረተው የአረብ ኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ብሔራዊው የጠፈር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከልም በግቢው ነው። በዚያችው ከተማ የሚገኘው የተዋም ሆስፒታል በካንሰር ሕክምናው የታወቀ ነው። ጠፈርን የሚመረምረው ተመራማሪና ሕመምተኛን የሚያክመው ሐኪም በአንድ ከተማ የሚኖሩት በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ሥራቸው ግን አንድ ሥር አለው። ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠው ጨረር ጥቂት ቢያንስ ዕጢው ይተርፋል፤ ጥቂት ቢበዛ ጤናማው አካል ይጎዳል። በመካከላቸው ያለችው ቀጭን መንገድ የምትጠበቀው በትክክለኛ መለኪያ ነው። በራጅ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ ባጅም ከዚሁ ቤተሰብ ናት፤ በውስጧ ያለው ክሪስታል የተቀበለውን ጨረራ ይዞ ይቆይና ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይመልሰዋል። ሰውየው ስንት እንደተቀበለ የሚታወቀው በዚያ ብርሃን ነው። ለባለሙያ የተቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ለቀረው ሕዝብ ከተፈጥሮና ከሕክምና ውጭ 1 ሚሊሲቨርት ነው። እነዚህ ወሰኖች የሚለካቸው ሰው ከሌለ በወረቀት ላይ የሰፈሩ ቁጥሮች ከመሆን አያልፉም።

አሁን ወደ በራካ እንመለስ። ስሙ በእኛ አነጋገር በረከት ማለት ነው። በአቡዳቢ ግዛት በአል ዳፍራ የባሕር ዳርቻ የተተከሉት አራት ማመንጫዎች በአንድነት 5,600 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው፤ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት አንድ አራተኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። ዓለም የሚያየው ይህን ነው። እኔ ግን አንባቢ ቅደም ተከተሉን ልብ እንዲል እሻለሁ። በ2008 አገሪቱ የኒውክሌር ፖሊሲዋን አወጣች። በ2009 የፌዴራል የኒውክሌር ቁጥጥር ባለሥልጣን በሕግ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ከደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ጋር የግንባታው ውል ተፈረመ። ተቆጣጣሪው ከግንበኛው ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ግንባታው በ2012 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ማመንጫ ግንባታ መጠናቀቁ በ2018 ተነገረ፤ የሥራ ፈቃዱ ግን እስከ 2020 ድረስ አልተሰጠም። ለመዘግየቱ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የአንቀሳቃሾቹ ዝግጁነት ነበር። ቢሊዮኖች ዶላር የፈሰሰበት ማሽን ቆሞ ሰውን ጠበቀ። በእኔ ሚዛን የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ስኬት ይህ ነው። ቸኩሎ ሪባን መቁረጥ ለማንም ይቻላል፤ ያለቀ ማሽን አቁሞ ባለሙያውን መጠበቅ ግን የተቆጣጣሪውን ቃል የሚያከብር መንግሥት ይጠይቃል።

መለኪያ በሌለበት ምን እንደሚሆን ማወቅ የሚሻ ደግሞ በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ የሆነውን ያስታውስ። ከተተወ የካንሰር ሕክምና ክሊኒክ ሲዚየም-137 የያዘ መሣሪያ ሁለት ሰዎች አውጥተው ወሰዱ፤ ፈታተውም ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ ያለው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበርና ቤተሰብና ጎረቤት ተገረመበት፤ በስጦታም ተከፋፈሉት። ሰዎች ሲታመሙ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። መሣሪያው ከክሊኒኩ ከወጣ ከአሥራ ስድስት ቀናት በኋላ በከተማዋ በእንግድነት የነበረ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ሊያጣራ ተነሣ። ገና ከቦታው ሳይደርስ ጠቋሚው ወደየትም ቢያዞረው እስከ ጥግ ወጣ። ባለሙያው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ተናገረ። ያን ጊዜ እውነቱን ተቀበለ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ዕቃውን ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ሲሉ በሰዓቱ ደርሶ አስቆማቸው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበከሉ፤ ከ112,000 በላይ ሕዝብ ተሰልፎ ተለካ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የአዲስ አበባው ቆራሌው ድምፅ በጆሮዬ ይመጣል። ከሰፈር ሰፈር እየዞረ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ልጅ፣ የሰበሰበው ሁሉ የሚደርስበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ ከዚያም ብረቱ የሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች ይታዩኛል። የጎያኒያው ብረት ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድሀና ያልተነገረው ሰው ነበር። በእርሱና በሞት መካከል መቆም የነበረበት አንድ መለኪያና አንድ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁለቱም ዘግይተው መጡ።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ባዶ እጇን አይደለችም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በተመሠረተበት በ1957 አባል ሆናለች። በ1993 ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቁሞላታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ተሰጥቷል፤ ይህ ክፍል ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ለመላ አገሪቱ ሕመምተኛ ብቸኛው በር ነበር። በቃሊቲም የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን ቆላ ዝንብ ለማጥፋት ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር የሚያመክን ተቋም ሠርታለች። ጨረራ በአገራችን አስቀድሞ ሥራ ላይ ነው። የጎደለን በየሆስፒታሉ፣ በየፋብሪካው በርና በየድንበሩ ኬላ የሚቆም ብዙ ለኪ ነው፤ መለኪያው ሲበላሽ በራሱ እጅ የሚጠግን፣ ሲያረጅም አዲስ የሚነድፍ ባለሙያ ነው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ሚሊዮኖች በጨለማ በሚያድሩበት አገር ስለ ክሪስታልና ስለ ቅንጣት ማውራት ቅንጦት አይሆንምን? ቅድሚያ ለመብራት ይሰጥ ይላሉ። መብራቱ እንደሚያስፈልግ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ የጨረራ ለኪ የኒውክሌር ማመንጫው ቢዘገይ እንኳ አይከስርም፤ በካንሰር ማዕከል፣ በማዕድን ቁፋሮ፣ በጉድጓድ ውኃ ምርመራ፣ በአሮጌ ብረት ገበያ ወዲያውኑ ሥራ አለው። ሁለተኛ፣ ወጪው ከማመንጫው ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። በጫማ ካርቶን የምትገባ ሳተላይት በተማሪዎች እጅ መሠራቷ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ማመንጫ በብድር ይገዛል፤ ባለሙያ ግን በብድር አይገኝም፤ ሲዘራ ከርሞ ነው የሚታጨደው።

ስለዚህ መልእክቴ በጥቂት ቃላት ይጠቃለላል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ማመንጫውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ነጻ ተቆጣጣሪ ይጠንክር። መለኪያዎች ሁሉ በአንድ ልክ የሚፈተሹበት የአገር ላብራቶሪ ይኑር፤ ሚዛኑ ያልተፈተሸ ነጋዴን ማንም እንደማያምነው ሁሉ፣ ልኩ ያልተፈተሸ መሣሪያም አይታመንምና። በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል ተማሪው ስለ ጋይገር መቁጠሪያ አንብቦ ብቻ እንዳይመረቅ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ በከተማው አፈርና በክረምቱ ደመና ላይ ይሞክረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚለካው ቁጥር በየዕለቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ሕዝብ የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ በጎ ሲሆንም ክፉ ሲሆንም ቁጥሩን ከለመደ፣ ወሬ ሲነሣ ወደ ቁጥሩ ይመለሳል።

በአቡዳቢና በአል ዐይን ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን በዚህ አገር ታስተምራላችሁ። ልጃችሁ ዶክተር ወይም ኢንጂነር እሆናለሁ ሲል ደስ እንደሚላችሁ ሁሉ፣ አንዷ ልጃችሁ ጨረራን የሚለካ መሣሪያ እሠራለሁ ብትላችሁ ሙያው እንግዳ ነው ብላችሁ አትመልሷት። ምናልባት አንድ ቀን ከአቡዳቢ ወደ አዲስ አበባ የምትበረው፣ መለኪያውንም በእጇ የምትይዘው እርሷ ትሆናለች። ያን ጊዜ ጠቋሚው የሚናገረውን የሚያምን፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ የማይመልሳት ተቋም በአገር ቤት ቆሞ ሊጠብቃት ይገባል። ያን ተቋም የማቆሙ ሥራ ማመንጫው እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም፤ ዛሬ ይጀመር።